ሁለት ጊዜ የታጠበው ካሴት

ይህን የምጽፈው ስለ አንድ ካሴት ነው። የምጽፍበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ በካሴቱ ላይ መገኘት የነበረበት ነገር እንዲጠፋ ካደረጉት እጆች አንዱ የእኔ ነው፣ ይህንንም ከእኔ ሌላ በደንብ የሚያውቁት በሕይወት ያሉ ሦስት አዛውንቶች ብቻ ናቸው። ከሦስቱ አንደኛዋ ድምፃቸውን አጥተዋል። ሁለተኛው ስለ ራሳቸው መናገርን እንደ ልመና ይቆጥሩታል። ሦስተኛው ያለፈ ነገር ነው ብለው የሱቃቸውን መስኮት ዘግተዋል። እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ትዝታ ለመጻፍ ዕድሜዬ እንዳልደረሰ አውቃለሁ። ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ በዚሁ በኬንያው ሞያሌ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። እስከ ዛሬ ያነበብኳቸው የትዝታ መጻሕፍት ጸሐፊዎች ሁሉ ሽበት ያላቸው፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን በድንበር ከተማ ዘመን የሚያልፈው በሰው ዕድሜ ልክ አይደለም። አንድ አስፋልት ሲነጠፍ አንድ ዘመን ያልፋል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጣቶቼ አረቄ አረቄ ይሸታሉ፤ የጠጣሁት ግን የለም። የአባቴን አሮጌ ቴፕ ከአልጋ ሥር አውጥቼ፣ ድምፅ የሚያነብበትን ራሱን በአረቄ በነከርኩት ጥጥ ስጠርግ ነው የዋልኩት። እንዲህ ማድረግን የተማርኩት ከእነዚያው ሰዎች ነው። ሽታው ከአፍንጫዬ ሳይወጣ ልጻፈው።

በዚያ ዘመን ከሞያሌ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ድንጋይና አቧራ ነበር። ሽፍታ ስለሚፈራ ሎሪዎች ብቻቸውን አይወጡም፤ አጃቢ ፖሊስ እስኪመደብና ሰልፉ እስኪሞላ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንት ይጠብቃሉ። ከተማችን የምትኖረው በዚህ ጥበቃ ነበር። የአባቴ ሆቴል ከኬላው ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከነዳጅ ማደያው አለፍ ብሎ፣ የጎማ ጠጋኞቹ ጥግ ላይ ነው። ስምንት ክፍል፣ አንድ ሰፊ ግቢ፣ በግቢው መካከል አንድ ግራር። አልጋ መቶ ሃምሳ ሽልንግ፣ ሻይ ማንዳዚ ከሚሉት ሁለት በዘይት የተጠበሰ ዳቦ ጋር ሃያ ሽልንግ፤ ብር የያዘ በብር ይከፍላል፣ አባቴም ምንዛሪውን እርሳስ ሳያነሳ ይነግረዋል። ሹፌሮቹ ከመኪና ሲወርዱ የቆዳ ጃኬታቸውን ያወልቁና ሽርጥ ያገለድማሉ፤ ከዚያ በኋላ ማን የአዲስ አበባ፣ ማን የናዝሬት፣ ማን የነገሌ እንደሆነ በጫማቸው ካልሆነ በቀር አይለይም። ረዳቶቹ ማሊያ ለባሾች ናቸው፤ ከሎሪው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ይተኛሉ። ከቀትር በኋላ የፍየል ጥብስና የናፍጣ ሽታ ተቀላቅሎ በግቢው ላይ ይቆማል። ዛሬም በሆነ ጋራዥ በኩል ሳልፍ ናፍጣ ከሸተተኝ ይርበኛል።

ሙዚቀኞቹ ሦስት ነበሩ። ጋሽ ደምሴ አኮርዲዮን ይጫወታሉ። በወጣትነታቸው የአንድ ክፍለ ጦር ሙዚቀኛ ነበሩ፤ ጦሩ ሲበተን ጠመንጃ የያዘው ጠመንጃውን ሲጥል እርሳቸው አኮርዲዮናቸውን በጀርባቸው አዝለው ድንበር ተሻገሩ። እትዬ አበበች ድምፃዊት ናቸው፤ ግጥሙንም የሚያወጡት እርሳቸው ነበሩ። ሁለቱ የተዋወቁት በዋልዳ፣ በስደተኞች ሰፈር፣ ውኃ በሚቀዳበት ሰልፍ ላይ ነው ይባላል። ሰፈሩ ሲፈርስ ሌላው ወደ ሌላ አገር ወይም ወደ አገሩ ሲሄድ እነርሱ ሞያሌ ወጥተው ቀሩ። ሦስተኛው ከበሮ መቺው ጃርሶ ነው፤ ከከተማው በታች ካለው ከጎልቦ ቆላ የመጣ ቦረና፣ ግመል ሸጦ ከበሮ የገዛ ሰው። በዕድሜ አባቴን ቢያህልም ሁላችንም አንተ እንለው ነበር፤ አንቱ ያለውን ሰው ቀና ብሎ እያየ "ማነው ከኋላዬ የቆመው?" ይለዋል።

ሥራቸው እንደማንኛውም የሆቴል ሙዚቀኛ መድረክ ላይ ወጥቶ መዝፈን ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ ደንበኛ ሹፌር የራሱ ካሴት ነበረው። ወደ ደቡብ ከመውረዱ በፊት ካሴቱን አምጥቶ "ሙሉልኝ" ይላል። እትዬ አበበች አጠገቡ ይቀመጡና ይጠይቁታል፤ ምን ጭነሃል፣ ማንን ትተህ መጣህ፣ ባለፈው የት ላይ ተበላሸብህ። ከዚያ ስሙ በየአዝማቹ የሚጠራበት፣ የመንገዱ ጉድጓድ ሳይቀር የሚቆጠርበት የግማሽ ሰዓት ዘፈን ይወጣለታል። ሹፌሩ ያንን እየሰማ ጎልቦን ያቋርጣል፣ ድንጋዩን ያልፋል። ሲመለስ ዘፈኑ ያረጀ ነው፤ ጭነቱ ሌላ፣ መንገዱ ሌላ። ስለዚህ በሚቀጥለው ጉዞ ያንኑ ካሴት ያመጣና አሮጌው ተጠርጎ በአዲስ ይሞላለታል። ለሹፌሩ አዲስ ካሴት መግዛት አላስፈላጊ ወጪ ነበር፤ ለሙዚቀኞቹ ደግሞ የትናንትን ዘፈን ለነገ ማስቀመጥ ስንፍና ነበር።

መጠረጉን "ማጠብ" ይሉታል። ቴፓቸው ያረጀ ስለነበር አሮጌውን ድምፅ በአንድ ጊዜ አያጠፋውም። አንድ ጊዜ አንድ ሹፌር ማርሳቢት ሊደርስ ሲል በራሱ ዘፈን ሥር የሌላ ሹፌር ስም ሲጠራ ሰማና፣ እቃውን ሳያራግፍ ተመልሶ መጥቶ ግቢው መካከል ቆሞ ተቆጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ካሴት ሁለት ጊዜ ይታጠባል። ባዶውን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያስቀዱታል፤ መልሰው ጠምጥመው እንደገና። የግቢው ድምፅ እንዳይገባ ከሞተ የጆሮ ማዳመጫ የተቆረጠች አንዲት ሶኬት በማይክሮፎኑ ቀዳዳ ይሰካሉ። ከዚያም የቴፑን ራስ በአረቄ ይጠርጋሉ፤ ከጥጡ የተረፈውን ጃርሶ ይጠርገዋል። ካሴቱ በየጊዜው ስለሚሞላ በራሱ ላይ ምንም አይጻፍበትም። የሹፌሩ ስም የሚጻፈው በመያዣው ወረቀት ላይ ነው፤ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ብዙዎቹን ወረቀቶች የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። እንደዚያ ያለ ጥንቃቄ ያለው የእጅ ሥራ ከዚያ በኋላ አላየሁም። የጠፉትም በዚሁ ጥንቃቄ ነው።

ከዚያ አስፋልቱ መጣ። ስለ አስፋልት ክፉ መናገር አይገባኝም፤ እናቶች ሐኪም ቤት የሚደርሱበት፣ ተማሪዎቼ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱበት መንገድ ነው። ነገር ግን ሎሪ ጠዋት ኬላውን አልፎ ማታ ማርሳቢት የሚገባ ከሆነ ሞያሌ ላይ የሚያድርበት ምክንያት የለውም። አጃቢ የለም፣ ሰልፍ የለም፣ ጥበቃ የለም። አዳዲሶቹ ሎሪዎች ደግሞ የካሴት ማጫወቻ አልነበራቸውም፤ ሹፌሩ አምስት መቶ ዘፈን በጥፍር በምታክል ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ከአምስት መቶው አንዱም ስሙን አይጠራውም። የአባቴ ሆቴል በሁለት ዓመት ውስጥ ባዶ ሆነ። አባቴ ከሞተ በኋላ ግቢው የስልክ መለዋወጫ መሸጫ ሆኗል፤ ግራሩ ተቆርጦ በቦታው የሞባይል ክፍያ ወኪል ጃንጥላ ተተክሏል።

ሙዚቀኞቹ ሥራ ፍለጋ አልሄዱም ማለት አይቻልም። ከከተማው ወጣ ባለችው በሄሉ ሠርግ ሲኖር ጠዋት ተነስተው በእግር ይሄዱ ነበር፤ ኪቦርድ የያዘ አንድ ልጅ ከሁለት ድምፅ ማጉያ ጋር ቀድሟቸው ይገኛል። ምግብ ይሰጧቸዋል፣ አክብረው ከሽማግሌዎቹ ጋር ያስቀምጧቸዋል፣ ተጫወቱ የሚላቸው ግን የለም። ጋሽ ደምሴ "እንግዳ ሆነን ሞትን" ይላሉ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዲስ የተከፈተ ባር ውስጥ እኔም ነበርኩ፤ አኮርዲዮናቸውን ይዘው ገቡ። ባለቤቱ የሚያውቁት ሰው ልጅ ነው።

"ጋሽዬ፣ ዛሬ እኮ ኳስ አለ" አላቸው፣ ወደ ቴሌቪዥኑ እያሳየ።

"ስንት ደቂቃ ነው?"

"ዘጠና።"

"እረፍት የለውም?"

"አሥራ አምስት ደቂቃ አለው።"

"እሱ ይበቃኛል" አሉና ጥግ ላይ ተቀመጡ። እረፍቱ ሲደርስ ተነሱ፣ የአኮርዲዮኑን ማንገቻ ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ግማሹ ሰው ሽንት ቤት ሄደ፣ ግማሹ ስልኩን አወጣ፣ ቴሌቪዥኑም ድምፁ ሳይቀነስ ስለ ሳሙና ማውራቱን ቀጠለ። ሳያቋርጡ አሥራ አምስቱን ደቂቃ ተጫወቱ። ሲጨርሱ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ነጂ የሆነ አንድ ሰው ብቻ አጨበጨበ፤ እርሱም ወዲያው አፍሮ እጁን ኪሱ ከተተ። ጋሽ ደምሴ አመስግነውት ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ አኮርዲዮን ይዘው ባር ሲገቡ አላየሁም።

ጃርሶ ከሦስት ዓመት በፊት ጎልቦ፣ ዘመዶቹ ዘንድ ሞተ። እትዬ አበበች ጉሮሯቸው ላይ እብጠት ወጥቶ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ድምፃቸው አብሮ ወጣ፤ አሁን የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው። ከቦዳ ቦዳዎቹ ማቆሚያ ጥግ፣ በእንጨት ሣጥን ላይ ሳሙናና ክብሪት ይሸጣሉ። ገዢው ዋጋ ሲጠይቃቸው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ካልሰጠ አይሰማቸውምና ብዙው ይቸኩልና ያልፋል። ጋሽ ደምሴ የሎሪ ማቆሚያ ዘበኛ ናቸው። ሎሪዎቹ የሚቆሙት ለግማሽ ሰዓት ነው፤ ሹፌሮቹም ወጣቶች ናቸው፣ "ምዜ፣ ጎማውን እይልኝ" ይሏቸዋል፤ ምዜ በስዋሂሊ ሽማግሌ ማለት ነው።

ባለፈው ወር ናሆም የሚባል ወጣት ከናይሮቢ መጣ። ወላጆቹ ነጋዴዎች ናቸው፤ እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን እያሰበ የሚናገር፣ ጨዋ ልጅ ነው። የድንበር ከተሞችን አሮጌ ዘፈኖች የሚሰበስቡ ሰዎች ልከውት ነው። ሥራቸው የሚመረጥላቸው አዛውንቶች እስከ ዕድሜ ልካቸው በየወሩ መጦሪያ ያገኛሉ። የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሥራ ላይ በነበሩበት ዘመን የተቀዳ፣ ከሦስት ደቂቃ ያላነሰ፣ የእነርሱ መሆኑ በምስክር የተረጋገጠ ድምፅ። ናሆም ወደ ናይሮቢ የሚመለሰው ዓርብ ጠዋት ነው፤ እኔ ዘንድ የመጣው ማክሰኞ። ትምህርት ቤት ውስጥ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሲጠይቅ ወደ እኔ ልከውት ነው። ወዲያው ወደ ጋሽ ደምሴ ወሰድኩት፤ እትዬ አበበችንም ሣጥናቸውን አስዘግቼ አመጣኋቸው።

ናሆም ጥያቄውን በጥሩ ሁኔታ አቀረበ። ጋሽ ደምሴ ከዘበኛ ቤቱ ጥግ አኮርዲዮኑን አወጡና ከፈቱት። ወንፊት የሆነው ቆዳው በረጅሙ ተነፈሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። መልሰው ዘጉት።

"አየህ፣ ይተነፍሳል" አሉት።

"ያኔ የቀዳችሁት አንድ ቅጂ እንኳ አልቀረም፣ ጋሼ?"

"ቅጂ ምን ያደርግልናል? የሰው ስም ያለበት ዘፈን ነው። የአንዱን ለሌላው ልሸጥለት?"

"ለራሳችሁስ?"

ጋሽ ደምሴ ጥያቄው እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ፊቱን አዩት። "ለራሳችን? እኛ ሎሪ የለንም እኮ" አሉ።

እትዬ አበበች እጄን ጎተት አደረጉኝ። ጎንበስ አልኩ። "ግርማ" አሉኝ በሹክሹክታ። "ሄሉ ያለው። ከሞላንላቸው የመጨረሻዎቹ አንዱ ነው። አይጥልም እርሱ።" ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር አሁንም ያስጨንቀኛል። ሴትዮዋ ያን ቀን መጦሪያውን ገና ሳያገኙት በሐሳባቸው ክፍላቸው ውስጥ አስቀምጠውት ነበር፤ በማግሥቱ ሣጥናቸውን ለጎረቤታቸው እንደሚተዉላት ነግረዋታል።

ጋሽ ግርማ ለሠላሳ ዓመት ያህል ሎሪ የነዱ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ሲዝል ሄሉ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከናሆም ጋር ስንደርስ ስኳር እየመዘኑ ነበር። የመጣንበትን ስነግራቸው ሚዛኑን ትተው ከመደርደሪያው ላይኛው ክፍል፣ ከባትሪ ድንጋዮቹ ኋላ፣ ካሴቱን አወረዱ። መያዣው በፌስታል ተጠቅልሏል። ወረቀቱ ላይ በእኔ እጅ "ሾፌር ግርማ" ተብሎ ተጽፏል።

"ሰምተውት ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"በምን ልስማው? በዚያው ሳምንት አይደል ባለቤቱ አዲሱን ሎሪ ያስረከበኝ። ቀዳዳው ፍላሽ ብቻ ነው የሚበላው። ከዚያ ዛሬ ነገ ስል ቴፕ የሚባል ነገር ከአገር ጠፋ።" በፌስታሉ ላይ ያለውን አቧራ በክንዳቸው ጠረጉ። "ግን አለ። እዚህ ውስጥ ስሜ አለ። አየህ ልጄ፣" አሉት ናሆምን፣ "በመንገድ ዕድሜዬ ስሜን ከትራፊክ ፖሊስ ሌላ የጠራኝ አበበች ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ በታርጋ ነው የሚጠራኝ።"

"ለሁለት ቀን ቢያውሱኝ" አለ ናሆም።

"አላውስም። ራሴ ይዤው እመጣለሁ።"

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በቦዳ ቦዳ መጡ። ካባ ደርበው፣ ጫማቸውን አስጠርገው። በዘበኛ ቤቱ ውስጥ አራት ሰው እንኳ በደንብ አይቀመጥም፤ አምስት ሆንን። የአባቴን ቴፕ ከአንድ ቀን በፊት አዲስ ላስቲክ አስገብቼለት፣ ራሱን በአረቄ ጠርጌ አዘጋጅቼው ነበር። እትዬ አበበች ሽታውን ሲያሸቱ ፈገግ አሉና ወደ ባዶው ጥግ፣ ጃርሶ ቢኖር ይቀመጥበት ወደነበረው፣ በአገጫቸው አመለከቱ። ናሆም የራሱን መቅጃ ከቴፑ አጠገብ አስቀመጠ። ቁልፉን ተጫንኩት።

መጀመሪያ ፉጨት መሰል ባዶ ድምፅ። ቀጥሎ ዶሮ ጮኸ። ከባልዲ ውኃ ሲደፋ ተሰማ፤ ሩቅ የሎሪ ሞተር። የአባቴ ግቢ ነበር። ደስ አለኝ፤ ከዘፈኑ በፊት ግቢው ይሰማ እንደነበር አላስታውስም ነበር። ቀና ስል ግን የጋሽ ደምሴ ፊት ተለውጧል። ከሁላችንም ቀድመው ያወቁት እርሳቸው ናቸው።

"ይኼ እጥበት ነው" አሉ ቀስ ብለው።

"ምን ማለት ነው?" አለ ናሆም።

"ይዙር። ምናልባት..." አሉና አልጨረሱትም።

ዞረ። ከደቂቃዎች በኋላ የሰዎች ድምፅ ቀረበ፤ የእትዬ አበበች ድምፅ፣ ሙሉው፣ የጥንቱ። ሹክሹክታቸውን ከለመድኩት በኋላ ያንን መስማት፣ የሞተ ሰው ከበር ሲገባ እንደማየት ነበር።

"ጃርሶ፣ ያንን አረቄ ለማሽኑ ነው የገዛሁት።"

"ማሽኑ ጠጥቶ ጠግቧል፣ እቴቴ።"

"ኧረ ዝም በሉ፣ ካሴት እየታጠበ ነው" ይላሉ የያኔው ጋሽ ደምሴ።

"ሶኬቷ ተሰክታለች፣ ምን ይሰማል ብለህ ነው?" ይላሉ እትዬ አበበች። "ማነው ይኼኛው ሹፌር? ማን ነበር ያላችሁኝ?"

ስሙን ማንም አይነግራቸውም፤ ጃርሶ ያስላል። ቀጥሎ እትዬ አበበች ሳይዘፍኑ፣ እንደሚያሰላስል ሰው ቃላቱን እየመዘኑ ይናገራሉ፤ "ከጎልቦ ሜዳ ላይ፣ የቆመው አቧራ..." አኮርዲዮኑ ዜማውን ፈልጎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይረግጣል፣ ያገኘዋል፣ ጥቂት ይሄድበታል። "ቆይ፣ ሁለተኛው መጣልኝ" ይላሉ እትዬ አበበች። በዚህ ጊዜ ከቅርብ፣ ከቴፑ አጠገብ፣ ሌላ ድምፅ ይሸፍናቸዋል። ድምፁ ትሁት፣ ጥሩ አነጋገር ያለው፣ የቸኮለ ነው። የእኔ ነው።

"ሊያልቅ ነው፣ ጋሽ ግርማ። የኬላው ሰልፍ ዛሬ አጭር ነው፤ ቶሎ ካለፉ ማታ ማርሳቢት ይገባሉ።"

ከዚያ ቁልፉ ይዘላል። ካሴቱ ያልቃል።

የሆነውን አሁን በቅደም ተከተል መናገር እችላለሁ። ከመምህራን ኮሌጅ ለእረፍት መጥቼ ሆቴሉን እጠብቅ ነበር፤ አስፋልቱ በዚያ ሰሞን ነበር የተከፈተው። የጋሽ ግርማ ዘፈን በዋዜማው ተሞልቶ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። በቴፑ ውስጥ የነበረው የሌላ ሹፌር ካሴት ነው፤ ሁለተኛው እጥበት ላይ ነበርና ከሥሩ የቀረ የድሮ ድምፅ እንኳ የለውም። ሶኬቷን የረሳት ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሙዚቀኞቹ ግራሩ ሥር ነበሩ፤ እነርሱን ጠርቼ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ ይፈጅ ነበር። እኔ ግን ሥርዓት የምወድ፣ ሰዓት የማከብር፣ ሰልፍ አጭር ሲሆን ሰው መዘግየት የለበትም ብዬ የማምን ወጣት ነበርኩ። ካሴቱ ሲቆም አወጣሁት፣ ስማቸው በተጻፈበት መያዣ አስገብቼ ሰጠኋቸው። ጋሽ ግርማም አመስግነውኝ ሄዱ። የእርሳቸው ካሴት ያለ መያዣ መስኮቱ ላይ ሲቀር፣ ወይ በዚያው ዕለት ወይ በማግሥቱ፣ ያልታጠበ የሌላው ሹፌር ካሴት መስሏቸው ሁለት ጊዜ አጥበውታል። እንደ ወትሮው፣ በጥንቃቄ።

በዘበኛ ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የተናገሩት ጋሽ ግርማ ናቸው። "እስከ ዛሬ በፌስታል ጠቅልዬ ያኖርኩት የአበበችንና የጃርሶን ጭቅጭቅ ነው?" አሉና ሳቁ። የሳቀላቸው የለም፤ እርሳቸውም ተዉት።

"ከማሽኑ ያወጣሁት እኔ ነኝ" አልኩ።

"ሰማን እኮ" አሉ ጋሽ ደምሴ። በቁጣ አልነበረም። በቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ናሆም ወደ እትዬ አበበች ጎንበስ አለ። "ሁለተኛው መስመር ምን ነበር፣ እትዬ? እሱን ቢነግሩኝ እንኳ..."

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሹፌሩ ይዞት ሄደ" አሉ።

ናሆም መቅጃውን መለስ አድርጎ አዳመጠ፣ በሰዓቱ ለካ። "ሙዚቃው አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ሦስት ደቂቃ ነው የሚጠይቁት። ግን ልላከው፤ ሁኔታውን እጽፍላቸዋለሁ።"

"አትላከው" አሉ ጋሽ ደምሴ። "እዚያ ላይ ሙዚቀኞች አይደለንም። ግቢ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ነን። እንደሱ ሆነን አንታወቅ።"

ልጁ ወደ እኔ አየ፤ ካሴቱን ከቴፑ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ዓርብ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደ። ጋሽ ግርማ ሲወጡ ካሴቱን ጠረጴዛው ላይ ትተውት ነበር፤ ተከትዬ ሮጬ ልሰጣቸው ብል "ስሜ የለበትም፣ ልጄ። ምን አደርገዋለሁ?" አሉኝና ቦዳ ቦዳው ላይ ወጡ። በማግሥቱ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄሉ ድረስ ሄጄ ነበር፤ "ያለፈ ነገር ነው" ብለው መስኮቱን ዘጉት። እትዬ አበበች ለጎረቤታቸው ትተውት የነበረውን ሣጥን መልሰው ተቀበሏት። ጎረቤቲቱ በሁለት ቀን ውስጥ ቦታውን ለምዳው ስለነበር ትንሽ ተነጋግረዋል፤ እርሳቸው ሲናገሩ አይሰማምና የምትሰማው የእርሷ ድምፅ ብቻ ነበር። አሁን አንድ ክንድ ወደ ውስጥ፣ ጥላ ወደሌለበት ተገፍተው ተቀምጠዋል። ሳሙና ከእርሳቸው እገዛለሁ። የሚያስፈልገኝን ያህል ገዝቼ ጨርሻለሁ፣ አሁንም እገዛለሁ። ዋጋውን ስጠይቃቸው ጎንበስ ስል ግጥሙን የሚነግሩኝ ይመስለኛል፤ የሚነግሩኝ ዋጋውን ነው።

ጋሽ ደምሴን ትናንት አየኋቸው። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ጫማቸው ውኃ ያስገባል። የአኮርዲዮኑን ቆዳ ቆርጠው ገበር አድርገውበታል። "ጥሩ ቆዳ ነው" አሉኝ እግራቸውን እያነሱ። "የፈረንጅ ፍየል መሆን አለበት።" ከዚያ አንድ ሎሪ ገባና ጎማ ሊያዩ ሄዱ።

ካሴቱን ዛሬ እንደገና አዳመጥኩት። ስለዚህ ነው ጣቴ አረቄ የሚሸተው። ምናልባት ከሥሩ የሆነ ነገር ይኖራል ብዬ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ ጆሮዬን ለጥፌ። የለም። ንጹሕ አድርገው ነው ያጠቡት። የጠፋውን እንዳይረሳ ከታች አስፍሬዋለሁ።

አንድ አኮርዲዮን።

አንድ ከበሮ፣ ከመቺው ጋር።

አንድ የሴት ድምፅ።

የሃያ ዓመት ዘፈን፣ ለእያንዳንዱ ሹፌር አንድ አንድ፣ በሙሉ።

የአንድ ግጥም ሁለተኛ መስመር።